«ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ ይቅር

እናቴ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት መድኃኒቷን እንዴት እንደምትወስድ ጠየቅኳት። ካርቶኑ ላይ «2 ፍሬ በቀን 2 ጊዜ» ይላል። ምንም ሳትሳሳት አነበበችልኝ። «እስቲ የዛሬውን አውጥተሽ አሳዪኝ» ስላት ግን ለጠዋት 1፣ ለማታ 1 አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስትወጣ «ገባዎት?» ብለዋታል። እሷም «አዎ» ብላለች። ከኋላዋ ወረፋ ቆሞ፣ ባለሙያው ቀጣዩን ሰው እየጠራ፣ ሌላ ምን ትበል?

የእሷ ችግር ብቻ መስሎኝ ነበር። በኋላ በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አገኘሁ። 395 ታካሚዎች የመድኃኒት ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር፤ ከጽሑፎቹ አንዱ የእናቴ ካርቶን ላይ ያለው ትእዛዝ ነው። ማንበብ በጣም ከሚከብዳቸው መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት ትእዛዙን በትክክል ተናገሩ። በቀን የሚወሰደውን ፍሬ ቆጥረው በትክክል ያሳዩት ግን 35 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

እኔን የሚያበሳጨኝ ድርጅቶች ይህን ሁሉ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ብለው መጥራታቸው ነው። ከዚያ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ይዘጋጃል። ቃሉን ልብ በሉት፤ እኛ ጋ አለ፣ እናንተ ጋ የለም፣ እንኩ ያዙ ዓይነት ነገር አለበት። ጎዶሎው ያለው ግን ብዙ ጊዜ አነጋገራችንና አጻጻፋችን ላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የ10 ዓመት የጤና ዕቅድ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፤ የግለሰቡን የመረዳት አቅም ለብቻው፣ የድርጅቱን ኃላፊነት ደግሞ ለብቻው ነው የተረጎመው። ሰዎች መረጃውን አግኝተው፣ ገብቷቸው፣ እንዲጠቀሙበት ማድረግ የድርጅቱ ሥራ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? እኔን ብትጠይቁኝ «ገባዎት?» ከሚለው። በሱ ፋንታ «በደንብ አስረድቼዎት እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ይነግሯታል?» ይባል። ፈተናው ከታካሚው ላይ ተነስቶ ወደ ባለሙያው ይዞራል፣ ሰውየውም አያፍርም፣ የተሳሳተውም ነገር እዚያው ይታያል። ግን ይህን ለአንዲት ደግ ነርስ ትከሻ መተው አይቻልም። አለቆች ጊዜ መስጠት አለባቸው። ስልጠናውንም፣ ልምምዱንም።

ለሁሉም ሰው መደረግ አለበት ደግሞ። የተማረ ሰውም ሲደነግጥ አይሰማም። ታካሚዎች ከሚነገራቸው የሕክምና መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሱት በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ ጠቅሷል። ስለዚህ ማን እንደገባው በመልክ፣ በልብስ ወይም በዲግሪ ለመገመት መሞከር ዋጋ የለውም።

ቃላቱም ይታዩ። «ውጤትሽ ፖዘቲቭ ነው» ሲባል ደስ ብሏት የምትወጣ ሴት አለች፤ «በሽታው ተገኝቶብሻል፣ መድኃኒት አለው» ማለት ይቻላል እኮ። «በቀን 2 ጊዜ» ከማለት «ጠዋት 2፣ ማታ 2»። ለልጅ ሽሮፕ ደግሞ «አንድ ማንኪያ» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው፤ የየቤቱ ማንኪያ መጠኑ ይለያያል። መለኪያውን አብሮ መስጠት ከአንድ ሰዓት ምክር ይሻላል። በራሪ ወረቀትም ከመታተሙ በፊት ለሚጠቀሙበት ሰዎች ይሰጥና ያንብቡት፣ የቸገራቸው ቦታ ይስተካከል።

ሪፖርቱ ላይም አንድ ነገር ይቀየር። «5,000 በራሪ ወረቀት ተሰራጨ፣ 300 ሰው ስልጠና ወሰደ» ይባላል። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ መድኃኒቱን በትክክል ቆጥሮ አሳየ? ይህን የሚጠይቅ ኃላፊ ማየት እፈልጋለሁ።

ያን ቀን እስክሪብቶ አውጥቼ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አየችውና «እንዲህ ነው እንዴ ያሉኝ?» አለች።