የቫልቭ ማጉያዬን ቮልቴጅና ጭነት እንዴት እንዳስማማሁ

አንዲት 6ቪ6 ቫልቭ (ሲግናል የምታጎላ የቫኩም ቱቦ) መውጫው ላይ ያለችበት የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ሠራሁ። ብየዳው ቀላል ነው። ጊዜዬን የበላው የፕሌቱን (የቫልቯን አዎንታዊ ጫፍ) ቮልቴጅና ቫልቯ የምታየውን ጭነት (በመውጫ ትራንስፎርመሩ በኩል የሚደርሳትን የስፒከሩን ኦም) ማስማማቱ ነበር።

የአምራቾቹ ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱ አይነጣጠሉም። በ180 ቮልት 5500 ኦም፣ ኃይሉ 2 ዋት። በ250 ቮልት 5000 ኦም፣ 4.5 ዋት። በ315 ቮልት ግን ጭነቱ ወደ 8500 ኦም ይዘላል፤ ስክሪኑ (ከፕሌቱ በፊት ያለው የቫልቯ ፍርግርግ) ደግሞ 225 ቮልት ላይ ይቀራል። ትርፉ? 5.5 ዋት፣ ከበለጠ የድምፅ መዛባት ጋር። ለአንድ ዋት ብዬ ቫልቯን አላስጨንቃትም፤ 250ውን መረጥኩ።

ታዲያ 250 ቮልት የሚለካው ከሻሲው (ከብረት አካሉ) ሳይሆን ከካቶዱ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው የቫልቯ ጫፍ) ነው። ካቶዱ ራሱ 12.5 ቮልት ላይ ይቀመጣል። የመውጫ ትራንስፎርመሩ ጥቅልልም የራሱን ይወስዳል፦ 300 ኦም በ45 ሚሊአምፔር 13.5 ቮልት። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ 276 ቮልት መስጠት አለበት። የጥቅልሉ 13.5 ቮልት ትርፍ ሆኖ ወደ ስክሪኑ እንዳይሄድ 3 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባሁ። ለካቶዱ ሬዚስተር ስሌቱ 250 ኦም ገደማ ይላል፤ እኔ ቫልቯ ትንሽ ቀዝቀዝ እንድትል 270 አደረግኩት።

የመውጫ ትራንስፎርመሩ ምንም አልተጻፈበትም። እዚህ ላይ የቴስተር ኦም አይረዳም፤ የሽቦውን መቋቋም እንጂ ኢምፔዳንሱን (ለኤሲ የሚያሳየውን ተቃውሞ) አያሳይም። 6.3 ቮልት ኤሲ ፕራይመሪው (በቫልቯ በኩል ያለው ጥቅልል) ላይ ሰጠሁና ሰከንደሪውን (በስፒከሩ በኩል ያለውን) ለካሁ፤ 0.25 ቮልት ወጣ። 25 ለ1 ማለት ነው። 25 በራሱ ሲባዛ 625፣ በ8 ኦም ስፒከር ሲባዛ ልክ 5000። ደስ አለኝ! በዚሁ ትራንስፎርመር ላይ 4 ኦም ስፒከር ቢሰካ ግን ቫልቯ የምታየው 2500 ብቻ ነው።

ለሙከራ ስፒከሩን ሳነሳ በቦታው 8 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር አስራለሁ። ያለ ጭነት ሲግናል ከገባ ፕራይመሪው ላይ የሚነሳው ቮልቴጅ ኢንሱሌሽኑን ሊበሳ ይችላል። ደግሞ ማጉያው ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። በሬዚስተር ሳላራግፍና በቴስተር ሳላረጋግጥ እጄን አላስገባም፤ ይሄ ቀልድ አያውቅም።

በመጨረሻ የካቶዱ ሬዚስተር ላይ 12.7 ቮልት አነበብኩ። 47 ሚሊአምፔር መሆኑ ነው። የስክሪኑ ድርሻ ሲቀነስ ፕሌቱ 10.7 ዋት አካባቢ ያቃጥላል፤ የድሮው ሰንጠረዥ የሚፈቅደው 12 ነው።