የዝናብ ውሃ ፈቃድ፦ ግቢውን ደጋግማችሁ ከማስጠረጋችሁ በፊት ጣሪያውን አስመርምሩ

አሜሪካ ውስጥ የትራክ ግቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ትራኮቻችሁን እዚያው የምትጠግኑ ወይም የምታጥቡ ከሆነ ሕጉ እንደ ኢንዱስትሪ ይቆጥራችኋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ በ1987 ሲሻሻል ከእንዲህ ያለ ግቢ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ፈቃድ ውስጥ አስገብቶታል። የዝናብ ቦይ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጣራ ወንዝ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ሕጉን አልቃወምም።

ወረቀቱ አያስፈራችሁ። የብክለት መከላከያ ዕቅዱን («ስዊፕ» የሚሉትን) ትጽፋላችሁ፣ ማመልከቻውን ታስገባላችሁ፣ አለቀ። አብዛኞቹ ግዛቶች ፈቃዱን የሚሰጡት ራሳቸው ስለሆኑ የግዛታችሁን አንብቡ።

እኔን ያንገበገበኝ ናሙናው ነው። በየሩብ ዓመቱ ከቦዩ መውጫ ውሃ በጠርሙስ ተቀድቶ ቀለሙ፣ ሽታው፣ አረፋው፣ በላዩ የሚንሳፈፍ ዘይት ካለ ይታያል። የእኛ ኩልል ያለ ነበር። ላቦራቶሪ ሲገባ ግን ዚንክ የሚባለው የብረት ዓይነት ፈቃዱ ካስቀመጠው መጠን (መለኪያው ከሚሉት) አልፎ ተገኘ። የሟሟ ዚንክ ለዓይን አይታይም፤ ዓሣን ግን ይጎዳል።

ሊቆጣጠር የመጣው ሰው ወለሉን አይቶ «ጥረጉ» አለን። በመጥረጊያ መኪና አስጠረግን፣ ሠራተኞቹን እንደገና አሠለጠንን፣ ቦዩ አፍ ላይ ማጣሪያ ገጠምን። ዚንኩ ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ተመልሶ ያንኑ ደገመ። ከየት እንደሚመጣ ብጠይቀው «ከጎማ ነው» ብሎ ፎርሙን ሞላ። ጎማ በክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ዚንክ አለበት፤ ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ግን ለክቶ ያረጋገጠው የለም፤ ገንዘቡ ደግሞ ከእኛ ኪስ ነው የሚወጣው። እስካሁን ያናድደኛል።

መልሱን ያገኘው መካኒካችን ነው። ቀና ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ቆርቆሮ እኮ ዚንክ የተነከረ ነው» አለኝ። በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው መሬት ሳይነካ ከአሸንዳው ቀዳን። ውጤቱ ከቦዩ መውጫ የባሰ ነበር! ጣሪያውን ዚንክ በሌለው ቀለም አስቀባን፤ ቁጥሩ ከመለኪያው በታች ወረደ። በመካኒካችን እኮራለሁ።

መመሪያዎቹ ከመጥረግና ከሥልጠና ጀምሩ ይላሉ። አልስማማም። መጀመሪያ ከጣሪያው፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከጥገናው ቦታ ለየብቻ ቅዱና አስመርምሩ፤ የላቦራቶሪው ወጪ ከአንድ ማጣሪያ ያንሳል። የሽቦ አጥሩንም አትርሱ፤ እሱም ዚንክ የተነከረ ሊሆን ይችላል። ስትቀቡም የቀለሙን ጽሑፍ አንብቡ፤ ራሱ ዚንክ ያለበት የብረት ቀለም ይሸጣል።

ደግሞም አትደንግጡ፦ በፌዴራሉ ፈቃድ መለኪያውን ማለፍ በራሱ ጥሰት አይደለም፤ አልፎ እያዩ እርምጃ አለመውሰድ ነው ጥሰቱ። ስለዚህ እያንዳንዱን ውጤት ከነቀኑና ከተቀዳበት ቦታ ጋር ዕቅዱ ውስጥ አስገቡ። ቀጣዩ ተቆጣጣሪ «ጥረጉ» ሲላችሁ የምታሳዩት ወረቀት ይኑራችሁ።