ስስ ወረቀትና ሙጫ

ዛሬ በኦሪጋሚ፣ ማለትም ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ በማውጣት ጥበብ፣ ጥንዚዛ የማጥፍበትን ወረቀት ሳዘጋጅ ዋልሁ። ስድስት እግርና ቀንድ ያለው ጥንዚዛ መቀስ ሳይነካው ከአንድ ካሬ ወረቀት ሲወጣ በየእግሩ ሥር ብዙ ንብርብር ስለሚከማች፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ተራ የማተሚያ ወረቀት ገና ሥራው ሳይጋመስ አልታጠፍም ይላል። ስሱ ወረቀት ደግሞ እሺ ብሎ ይታጠፋል እንጂ የታጠፈበትን አይዝም፤ ጣት ሲነሣለት ተመልሶ ይከፈታል። ሙጫ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የምጠቀምበት ሜቲል ሴሉሎስ የተባለውን ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ የግድግዳ ወረቀት የሚለጥፉም ሆኑ ያረጁ መጻሕፍትን የሚጠግኑ ባለሙያዎች በሚገባ ያውቁታል። ጠባዩ ከለመድነው ተቃራኒ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፣ በፈላ ውሃ ግን አይሟሟም። በቀጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቢነሰነስ ውጪው ቶሎ ረጥቦ ውስጡን ደረቅ ስለሚያስቀረው እንዳልታሸ ገንፎ ይጓጉላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በጥቂት ፈላ ውሃ በትኜ አማስለዋለሁ፣ ቀጥሎም ቀዝቃዛ ውሃ እጨምርበታለሁ፤ እየበረደ ሲሄድ ድፍርሱ ይጠራና ይወፍራል። የስንዴ ስታርች ሙጫም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይሻግታል፣ ነፍሳትንም ይስባል፤ የወረቀት ጥንዚዛዬን እውነተኛ ጥንዚዛ እንዲበላው አልፈልግም።

ወረቀቱ ኮዞ ከሚባለው የጃፓን ተክል የውስጥ ልጥ የተሠራ፣ ዋሺ የሚባል ባህላዊ የጃፓን ወረቀት ነው፤ ቃጫው ረጅም በመሆኑ ረጥቦም ቶሎ አይቀደድም። በንጹሕ መስታወት ላይ አነጥፌ ሙጫውን በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር ስቀባው ወረቀቱ ብርሃን አስተላላፊ ይሆናል፣ ቃጫዎቹም አንድ በአንድ ይታያሉ፤ አየር የቀረበት ቦታ ብቻ ነጭ ነጥብ ሆኖ ስለሚጋለጥ በብሩሹ ጫፍ ገፍቼ አስወጣዋለሁ። ከደረቀ በኋላ መስታወቱን የነካው ገጽ ያብለጨልጫል፤ እኔ ለጥንዚዛው ጀርባ የምመርጠው ይህንኑ ገጽ ነው።

ውሃው በቃጫዎቹ መካከል ያለውን ትስስር ያላላዋል፤ ሲተን ትስስሩ ይመለሳል፣ በመካከሉ የገባው ሙጫም ያጠናክረዋል። ጃፓናዊው የኦሪጋሚ ሊቅ አኪራ ዮሺዛዋ (1911–2005) ወረቀትን አርጥቦ የማጠፍን ዘዴ ሲያዳብር የተጠቀመበት ይህንኑ ጠባይ ነበር፤ ልዩነቱ የእርሱ ወረቀት ወፍራምና በውስጡ ሙጫ ያለበት መሆኑ ነው። ለስሱ ወረቀት ሙጫውን የምንጨምርለት እኛው ነን።

ነጩን የእንጨት ሙጫ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ አንዴ ከደረቀ በውሃ ተመልሶ አይሟሟምና። በሜቲል ሴሉሎስ የተቀባውን እግር ግን መገጣጠሚያው ላይ በእርጥብ ጣት ዳሰስ አድርጎ እንደ ገና ማጉበጥ ይቻላል። ካሬውን የምቆርጠውም ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ሲረጥብ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ቀድሞ የተቆረጠ ካሬ ጎኖቹ እኩል ሆነው ላይቀሩ ይችላሉ።