ለውሻ የጨርቅ ቤት እና ምንጣፍ ሲመርጡ

ታጣፊው የጨርቅ ቤት የሚሆነው በር ተዘግቶበት በሰላም መተኛት ለለመደ ውሻ ብቻ ነው። ቡችላ ወይም ብቻውን ሲቀር የሚጨነቅ ውሻ መረቡን በጥፍሩ ይቀደዋል፣ ዚፑንም በአፍንጫው ገፍቶ ይከፍተዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ የሽቦ ቤት ይሻላል። መኪና ውስጥ ደግሞ የጨርቅ ቤት ከግጭት አያድንም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ውሻው ቆሞ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር፣ ከመሬት እስከ አናቱ ይለኩት፤ በሁለቱም ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ። የምንጣፉ ውፍረት ከውስጡ ቁመት ስለሚቀንስ እሱንም ይደምሩ።

የምንጣፉን ስፖንጅ ተንበርክከው በጉልበትዎ ሲጫኑት ወለሉ ከተሰማዎት፣ ላረጀ ወይም ለከባድ ውሻ አይበቃም። ሽፋኑ የሚወልቅና የሚታጠብ ይሁን። የሚያኝክ ውሻ ግን ያለ ስፖንጅ ይተኛ፤ የዋጠው ቁራጭ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል።