የአያቴ ውጅግራ፦ ከሐምሌ እስከ ጥር የሠራሁት

ከሐምሌ ጀምሮ የአያቴን ጠመንጃ ሳጸዳ ቆይቻለሁ። አብዛኞቻችሁ የምትጠግኑት የድሮ ሰዓት፣ ሬዲዮ ወይም የልብስ ስፌት መኪና እንደሆነ አውቃለሁ። ዝገትና የተሰነጠቀ እንጨት ግን የሁላችንም ጣጣ ነውና የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ጠመንጃው ያለው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ በአጎቴ ቤት ነው። እኔ ሳውቀው ሁሌም ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። ጣሪያው ከጀርባው ማፍሰስ ጀምሮ ኖሮ ውሃው በግድግዳው እየወረደ ሁለት ክረምት በርሜሉ ላይ አደረ። ማንም ልብ አላለም። ሐምሌ ላይ ጋሼ ቤቱን ቀለም ሊያስቀቡ አውርደው ሲያዩት ማቀባበያው ንቅንቅ አልል አለ። ደውለው ጠሩኝ። ስደርስ ጠመንጃውን እንደ ታመመ ሕፃን አልጋ ላይ ጋደም አድርገውት አገኘሁ። «ልጄ፣ አባቴ ያቆየውን እኔ እጅ ላይ ሊያልቅ ነው» አሉኝ።

ከሥራው በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። እንዲህ ያለ ቅርስ ቤታችሁ ካለ መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ «የአያቴ ነው፣ አሮጌ ነው» ማለት ብቻውን አያዋጣም። የኛው ፈቃድ በጋሼ ስም ስለሆነ ጠመንጃው ከቤታቸው አልወጣም። ሥራውም የሚሠራው እሳቸው ባሉበት፣ በረንዳቸው ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እኔ የነካሁት ዝገቱንና እንጨቱን ብቻ ነው። እንዲተኩስ የማድረግ ሐሳብ ለጋሼም ለኔም አልነበረንም።

ነሐሴ ሙሉ በማቀባበያው ላይ አለቀ። በመጀመሪያ ከኋላም ከአፈሙዙም እንጨት አስገብቼ ጥይት አለመኖሩን አረጋገጥሁ። ተቀርቅሮ የቆየ መሣሪያ ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም። ከዚያ ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅዬ በየቀኑ ጠብ ጠብ እንዲያደርጉበት ለጋሼ ሰጠኋቸው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ያለ መዶሻ፣ በመዳፌ ብቻ ገፋ ሳደርገው ተነሣ። ማቀባበያውን አውጥቶ ለመለየት ከጎን ያለችውን ማቆሚያ ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። ለዚህች አንዲት ብሎን ስል ካቻቢቴ ሞርሳ ላይ አስሬ፣ ጫፉን በሞረድ አቅጥኜ፣ ልክ በስንጥቋ መጠን ሠራሁላት። ካቻቢቴው ልኳን ካልያዘ የብሎኗ ራስ ይበላል፤ ከተበላ ደግሞ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም።

የበርሜሉን ዝገት ያስለቀቅሁት በ1936ቱ የጃንሆይ አሥር ሳንቲም ነው። መዳብ ከብረት ይለሰልሳል። ዘይት ቀብታችሁ በሳንቲሙ ጠርዝ ስትፍቁ ቀዩን ዝገት ያነሣዋል እንጂ ብረቱን አይጭረውም። ሥር የቀረው ጥቁሩ ቆዳ የዕድሜው ቀለም ነው፤ አይነካም። የብረት ብሩሽም የድስት ሽቦም አላስጠጋሁም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ በግራ ጎኑ፣ ማቀባበያው በሚገባበት ክፍል ላይ ፊደል ብቅ ማለት ጀመረ። የሳንቲሙን ጠርዝ በቀስታ እያመላለስሁ ጋሼ የእጅ ባትሪ ያበሩልኛል። በመጀመሪያ የታየው «ማኑፋክቱር ኢምፔሪያል» የሚለው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ 1866 ወጣ። ከጎኑ ጭረት፣ ከጭረቱ ቀጥሎ 74።

እዚያው ቁጭ አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይሄ ተራ ውጅግራ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። ፉዚ ጠመንጃ ሲሆን ግራ ደግሞ መሣሪያውን የነደፈው የፈረንሳይ መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። ፈረንሳዮች የተቀበሉት በ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጢስ ባለው ጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነው። ከሱ በፊት የነበረው የ1866ቱ ሻስፖ ነው። ሻስፖ ቀለህ አያውቅም። ባሩዱና እርሳሱ በወረቀት ተጠቅልለው ነበር የሚገቡት፣ እሳቱ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚከለክለው ደግሞ ማቀባበያው ጫፍ ላይ ያለ የጎማ ቀለበት ነበር። ጎማው በሙቀት ቶሎ ይበላሽ ነበር። የብረት ቀለህ ሲመጣ ፈረንሳዮች በእጃቸው የነበረውን ያን ሁሉ ሻስፖ አልጣሉትም፤ አብዛኛውን ለውጅግራ ጥይት እንዲሆን አስተካከሉት። 1866-74 ማለት ይሄው ነው። የኛው በናፖሊዮን ሦስተኛ ዘመን ሻስፖ ሆኖ ተወልዶ፣ በኋላ የጥይት ማደሪያው ተቀይሮ ውጅግራ የሆነ ጠመንጃ ነው።

የተቀየረበትን ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ። ማቀባበያውን አውጥቼ፣ ውስጡን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ (የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ጨው ስላለበት እርጥበት ይስባል፣ ዘይት ብቻውን አያነሣውም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው፣ ወዲያው ግን ማድረቅና ዘይት መቀባት ይገባል)፣ ባትሪውን ከኋላ አበራሁ። የጥይት ማደሪያው ውስጥ ክብ ሆና የምትዞር፣ ከፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። የሻስፖ ማደሪያ ለወረቀት ጥይት የተሠራ ሰፊ ስለነበረ አስፍተው ቦረቦሩትና ውስጡ ሌላ ቱቦ ከተቱበት፤ ከዚያ ቱቦውን በአዲሱ ቀለህ ልክ ቆረጡት። መስመሯ የድሮው ብረትና የአዲሱ መገጣጠሚያ ናት። በጥፍሬ ዳበስኳት፣ በእጅ አትታወቅም። የዛሬ 150 ዓመት ገደማ የተሠራ ነገር ነው። እዚህ አገር ያለ ጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ ቢያየው ባርኔጣውን ያነሣል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኝ ጀመር፦ «አንዴ ከተቀየረ ዛሬም ለዘመኑ ጥይት ማስቀየር አይቻልም ወይ?» መልሴ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱም ይሄ ነው። ማደሪያን ማስፋት ወይም በቱቦ ማጥበብ ይቻላል። በርሜሉ ግን እስከ አፈሙዙ ድረስ 11 ሚሊሜትር ነው፤ የዘመኑ ጥይት እርሳስ ደግሞ 8 ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ውስጡ ይዋኛል። የ1874ቱ ቅየራ የተሳካው ሻስፖውም ውጅግራውም 11 ስለነበሩ ብቻ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲያጣድፋቸው ፈረንሳዮች ውጅግራን ለበል ለሚባለው የኋላ ጠመንጃቸው የ8 ሚሊሜትር ጥይት ሲያደርጉት በርሜሉን ራሱን ነው የቀየሩት። ከዚያም በላይ የኛው ብረት የጥቁር ባሩድ ብረት ነው። ጢስ አልባው ባሩድ ግፊቱ እጅግ ይበልጣል፣ ማቀባበያውንም ዘግቶ የሚይዘው የመያዣው ሥር ብቻ ነው። የሚፈነዳው በተኳሹ ፊት ላይ ነው። ይህን የምለው አንዳንድ ቦታ ድፍረቱን ስላየሁ ነው፤ እባካችሁ ማንም እንዳይሞክረው።

አሁን ስለ እንጨቱ። እዚህ ላይ ጥፋት ሠርቻለሁ።

መስከረም ላይ ሰደፉን ሳየው በቅባትና በጢስ ጠቁሮ ነበርና ብርጭቆ ወረቀት አነሣሁበት። ደቃቁን ነው፣ ግን ብርጭቆ ወረቀት ብርጭቆ ወረቀት ነው። በቀኝ በኩል ክብ ማኅተም እንዳለ ያወቅሁት ግማሹን ካጠፋሁት በኋላ ነው። የፋብሪካው ማኅተም ነበር። የቀረው ግማሽ ቀለበትና አንድ ፊደል ነው። ጋሼ ምንም አላሉኝም፣ ዝም ብለው ጣታቸውን ቦታው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቱን ከዕቃ ሳጥኔ አውጥቻለሁ። ቆሻሻውን ያነሣሁት ሙቅ ውሃ በነካ ጨርቅ፣ ቶሎ ቶሎ እያደረቅሁ ነው፤ መጀመሪያም መሆን የነበረበት እንዲህ ነው።

የእጅ መያዣው አንገት ላይ የቆየ ስንጥቅ አለ፣ ስንጥቁም በጠፍር ተጠፍሯል። ያየ ሁሉ «ይሄን አውጣውና በኮላ አጣብቀው» ይለኛል። እኔም ቢላዋ ይዤ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ አጠፋፈሩን ስመለከት ግን እጄ ታሰረ። የበሬ ቆዳ ነው፣ ጠጉሩ በአንዳንድ ቦታ አልተላጨም። እርጥብ ሆኖ ተጠምጥሞ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን አንቆ ይዞታል። ጫፉ ከውስጥ ስለተሸጎጠ ቋጠሮ የለውም። እንዲህ ያለ ማሰሪያ የዛሬ ክላምፕ አይሠራውም። ስንጥቁ ውስጥ ምላጭ ለማስገባት ሞከርሁ፣ አልገባም። የሚሠራ ጥገናን ማፍረስ ጥገና አይደለም ብዬ ተውኩት። ቆዳውን ስለደረቀ ብቻ በጥቂት የለጋ ቅቤ አሸሁት። ማን እንደጠፈረው ጋሼን ብጠይቃቸው «አባቴ በረሃ ሳለ» ብለው አሳጠሩት።

ኅዳርና ታኅሣሥ የዘይት ጊዜ ነበር። ቨርኒሽ አላስነካሁትም፣ የተልባ ዘይት ነው የቀባሁት። ጠብታ ዘይት በመዳፍ እስኪሞቅ ማሸት፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ ሳምንት መተው። ስድስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ብዙ የቀባ ሰው የሚያገኘው የሚያጣብቅ እንጨት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት።

ጥር ላይ ሁሉንም መልሼ ገጠምሁ። ማቀባበያው አሁን በአንድ ጣት ይሄዳል። ጥይቱን የሚመታውን የመርፌውን ጫፍ ጋሼ ለብቻ በጨርቅ ጠቅልለው ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። ግድግዳውን አሳደስን፤ ጠመንጃው አሁን የሚሰቀለው በውስጠኛው ግድግዳ፣ ከጀርባው ሁለት የእንጨት ድጋፍ አየር እንዲያስገባ ተደርጎ ነው። በርሜሉ ላይ በወር አንዴ ዘይት ያለው ጨርቅ ያልፍበታል፤ ያንን ጋሼ ራሳቸው ያዙት።

የቀረኝ ከአፈሙዙ ሥር የምትገባው መጥረጊያ ዘንግ ናት። የጫፏ ጥርስ ተበልቷል፤ ቶርኖ ቤት ወስጄ ጥርሷን ብቻ ለማስቆረጥ እያሰብሁ ነው። አሮጌ ጥርስ በእጅ ማውጣት የሚችል ሰው ምናለሽ ተራ ወይም ሌላ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።