ልዑል አለማየሁ ጋ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ባቡር ተሳፈርኩ

አክስቴ ለንደን ከገባች 30 ዓመት ሊሞላት ነው። ዊንዘርን ግን አይታው አታውቅም። «የነሱን ቤተ መንግሥት አይቼ ምን ሊጨመርልኝ ነው?» ትላለች። እኔ ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ወስኜ ነው የመጣሁት። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ የተቀበረበትን ሳላይ አልመለስም።

ሄጄ አየሁ። ግን ሁለት ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ፣ ጥፋቱም የራሴ ነው።

ከለንደን ዊንዘር በባቡር ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ። ከዋተርሉ የሚነሳው ሳይቀየር በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ከፓዲንግተን ከሆነ ስላው ላይ ወርዶ ሌላ ባቡር መያዝ ነው። የአክስቴ ሰፈር ለፓዲንግተን ስለሚቀርብ በዚያ ሄድኩ። ቀኑ እሑድ ነው። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እኔ ከተማውን ለምጄዋለሁ ብዬ ኦይስተር የሚባለውን የለንደን የትራንስፖርት ካርዴን አስነክቼ ገባሁ፤ ደረቴን ነፍቼ።

ስላው ላይ ተቆጣጣሪ ካርዴን አየና ራሱን ነቀነቀ። ለካ ኦይስተር በዚያ መስመር ዌስት ድሬይተን ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ትኬት መቁረጥ ወይም ከመነሻው የባንክ ካርድ ማስነካት ነው። ስንት እንደከፈልኩ አልናገርም፤ አክስቴ ይህን ታነበዋለች።

ከስላው ዊንዘር የምትሄደው ባቡር ጥቂት ፉርጎ ብቻ ያላት ትንሽ ነገር ናት። ስድስት ደቂቃ ነው መንገዷ። በግራ በኩል መስኮት ያዙ። የቴምዝን ወንዝ ስትሻገሩ የቤተ መንግሥቱ ግንብ ከኮረብታው ላይ ብቅ ይላል። ንግሥት ቪክቶሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ስትሳፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ እዚህ ድረስ ሀዲድ ስላልነበረ ከዊንዘር በሠረገላ ወርዳ የተሳፈረችው ከስላው ነው። ዊንዘር ባቡር የገባው በ1849 ነው። ኢተን ትምህርት ቤት ሀዲዱን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር።

ከጣቢያው ስትወጡ ግንቡ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም። ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቀበቶ፣ ስልክ፣ ሳንቲም፣ ሁሉም ሳህን ላይ።

ቤተ መንግሥቱን ዊሊያም ድል አድራጊው የጀመረው በ1070 አካባቢ ነው። ዛሬም ንጉሡ ይኖርበታል። ስለ ወርቅና ስለ መጋረጃው ብዙ አልጽፍም፤ ከአምስተኛው ክፍል በኋላ ዓይን ይደክመዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ግን ይደንቃል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992 በተነሳው እሳት ጣሪያው ወድሟል። አሁን የምታዩት የእንጨት ጣሪያ ከዚያ በኋላ አዲስ የተሠራ ነው። ሌላው አንድ የመስታወት ሣጥን ነው። የሕንዱ የማይሶር ገዥ የቲፑ ሱልጣን ዙፋን ላይ የነበረ የወርቅ ነብር ራስ አለበት። በ1799 ቲፑን ገድለው ነው ያመጡት። የነብሩ ጥርስ እንደ ብርጭቆ ጥርት ካለ ድንጋይ የተሠራ ነው። ፊቱ ቆሜ ያሰብኩት መቅደላን ነው።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ወረድኩ። በሩ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። «እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው» አለኝ ጥበቃው፣ በትህትና። ለጸሎት መግባት ይቻላል፣ እየዞሩ መመልከት ግን የለም። ግንቡ ክፍት፣ እኔ የመጣሁበት ቦታ ዝግ! ግንቡ ራሱ ደግሞ ማክሰኞና ረቡዕ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። እሑድ የመረጥኩት እረፍት ቀን ነው ብዬ ብቻ ነው።

ያዳነኝ አንድ ነገር ነው። ትኬቱን የገዛሁት በቀጥታ ከቤተ መንግሥቱ ነበር። እንደዚያ የተገዛ ትኬት፣ ከመውጣታችሁ በፊት ካስመዘገባችሁት፣ ለአንድ ዓመት በነጻ ያስገባል። ከወጣችሁ በኋላ ግን አይሆንም። እኔ ልወጣ ስል አንዲት ሠራተኛ ባትነግረኝ ኖሮ አላውቅም ነበር።

ማታ ለአክስቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። ቀጥላ ግን ዝም አለች። «ሐሙስ ፈቃድ አለኝ፣ አብሬህ እመጣለሁ» አለች። ያልጠበቅሁት ነገር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቆሎ በላስቲክ፣ ዳቦ በፎጣ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። «ሎተሪ የወጣልን ይመስል አንድ ሳንድዊች በስንት ነው የሚሸጡት!» አለች። ካርዳችንን አስነክተን ገባን፤ በዚህኛው ጊዜ የባንክ ካርድ። ቤተ ጸሎቱ ከግንቡ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ መጀመሪያ ወደዚያ ሄድን። ሌላውን ሰው ሰልፍ የሚያስይዘው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እዚያ ያረፈችው ንግሥት ኤልሳቤጥ ናት። ሄንሪ 8ኛም እዚያው ወለሉ ስር ነው። አለማየሁን የሚፈልግ ግን መጠየቅ አለበት። ሳይጠይቁ አልፈውት ይሄዳሉ። አንዱን ሽማግሌ አስተናጋጅ ስሙን እንደጠራሁለት ወዲያው ገባው። ከኢትዮጵያ ናችሁ ወይ ብሎ ጠይቆን መራን።

ግድግዳ ላይ ያለች የነሐስ ሰሌዳ ናት። የቴዎድሮስ ልጅ አለማየሁ በዚህ አቅራቢያ ተቀብሯል ትላለች። ሚያዝያ 1861 ተወለደ፣ ኅዳር 14 ቀን 1879 ሞተ፣ ሰሌዳውን ያስቀመጠችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። እነዚህ በነሱ አቆጣጠር ናቸው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ትኬቴ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ገለበጥኩት። መጨረሻው ላይ የማቴዎስ ወንጌል ቃል አለ። ለአክስቴ በአማርኛ አልኩላት፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»።

«እንግዳ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ ስላለ ሁለት ሰዎች ዞር አሉ። «ራሳቸው አምጥተውት?»

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ልጁ ሰባት ዓመት እንኳ ገና አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞቱ። እዚህ ካመጡት በኋላ ረግቢ የሚባል ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ አረፈ። ቪክቶሪያ በማስታወሻዋ ላይ ዘመድ አልባ ሆኖ በሰው አገር መሞቱ እንዳሳዘናት ጽፋለች። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023ም ቤተ መንግሥቱ የሰጠው መልስ፣ አጠገቡ የተቀበሩትን ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው።

አክስቴ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች። መያዟን እንኳ አላወቅሁም ነበር። አጣፍታ ለበሰች። ትንሽ ቆማ ጸለየች፣ «ነፍስ ይማር» አለች፣ ሰሌዳዋን በጣቷ ልትነካ እጇን ዘርግታ መለሰችው። አስተናጋጁ ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀን። እኔ የምይዘው አጥቼ ትኬቴን አጣጠፍኩ።

የወርቁን ክፍሎች ሳታይ ነው የወጣችው፣ «በቃኝ» ብላ። ሎንግ ዎክ የሚባለው ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ዳር ሣር ላይ ቁጭ ብለን ዳቦውን በላን። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ለማረፍ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ስንመለስ ስላው 5ኛው መድረክ ላይ የለንደን ባቡር ጠበቅን። እዚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ውሻ አለ። ጂም ይባላል። ጀርባው ላይ ሣጥን ታስሮለት ለባቡር ሠራተኞች መበለቶችና ወላጅ አልባ ልጆች ገንዘብ ይሰበስብ ነበር፤ በ1896 ሲሞት ቆዳውን አድርቀው አስቀመጡት። ጽሑፉን ተረጎምኩላት። አክስቴ ውሻውን አየችው፣ ሣጥኑን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ይሄን ለብቻው ማስቀመጥ ችለዋል» አለች።

ባቡሩ መጣ። ቆሎው ገና ነበር፤ እስከ ፓዲንግተን ድረስ እሱን ቆረጠምን።