ንድፍ በፍሎረንስ፦ ከጄሶ ወደ ሰው ሞዴል ልሻገር ስል

ፍሎረንስ ውስጥ በምማርበት ስቱዲዮ የጄሶ ቅርጽ እያየሁ የመሳል ሥራዬ እየተገባደደ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠብቀኝ የሰው ሞዴል ነው። ከመሻገሬ በፊት ቀኑ እዚህ እንዴት እንደሚውልና እስካሁን የያዝኩትን ልጽፍላችሁ ፈለግሁ፤ በተለይ ብቻችሁን ለምትለማመዱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ትምህርቱ የሚሄደው በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ አካዳሚዎች ሥርዓት ነው። መጀመሪያ የተሳለ ነገር መገልበጥ፣ ቀጥሎ ጄሶ፣ ከዚያ ሰው፤ ቀለም የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለመገልበጥ የሚሰጡን ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል ባርግ ከአገሩ ልጅ ከሠዓሊው ዣን ሌዮን ዤሮም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1871 ያሳተማቸውን የንድፍ ሰሌዳዎች ነው። ቫን ጎግም ሥዕል ሲጀምር በእነዚሁ ነው የተለማመደው። በብዙዎቹ ሰሌዳዎች ላይ አንድ እግር ወይም እጅ በጥቂት ቀጥ ያሉ መስመሮች ተከልሎ ይታያል፤ አጠገቡ ያው እግር ጥላና ብርሃኑ ተሟልቶ አለ። ለምን ቀጥ ባለ መስመር እንደሚጀመር ቶሎ ነው የገባኝ። ቀጥ ያለ መስመር ምን ያህል እንደተጋደመ መመዘን ይቻላል፤ የተጠማዘዘው ግን የት ላይ እንደታጠፈ ሳይናገር ያልፋል። ስለዚህ ተረከዝም ይሁን ጉንጭ፣ ክብ የሚሆነው ኋላ ነው።

ጄሶ ላይ የምንሠራበት ዘዴ ሳይት ሳይዝ ይባላል። ኢዝሉ (የወረቀቱ ማቆሚያ) ከቅርጹ ጎን ይቆማል፣ ወረቀቱና ጄሶው እኩል ቁመት ይዘው እንዲታዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ተሂዶ መቆሚያ ይመረጥና እግር የሚያርፍበት ወለል ላይ ፕላስተር ይለጠፋል። ማየት የሚፈቀደው ከዚያ ምልክት ላይ ብቻ ነው። ቱንቢ አንጠልጥዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የጆሮው ጫፍ ከአገጩ አንጻር የት እንደሚወርድ አያለሁ፤ ክሩን አግድም ወጥሬ ከፍታውን ወደ ወረቀቱ አሻግራለሁ። ያየሁትን በአእምሮዬ ይዤ ወደ ኢዝሉ እራመዳለሁ፣ አንድ ምልክት አደርጋለሁ፣ ተመልሼ አያለሁ። ቀኑን ሙሉ ይህ ነው። ማታ ከእጅ ይልቅ እግር ይደክማል።

እነዚያን እርምጃዎች ጊዜ ማባከን የሚያደርጋቸው ሰው አለ። ለእኔ ግን ዋናው ልምምድ እዚያ ላይ ነው። ከምልክቱ ተነሥቼ ወረቀቱ ጋ እስክደርስ ያየሁት ነገር ሳይፈስ መቆየት አለበት፤ ወረቀቱ ጋ ስደርስ ደግሞ ቅርጹ በትክክል ስለማይታየኝ የማሰምረው በትዝታ ነው። አሁን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው አይቼ ወርጄ ፊቱን መሳል የምችለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ድሮ ሞዴሉ ከፊቴ ካልተቀመጠ መስመር አይወጣልኝም ነበር።

የጥላው ሥራ ከሁሉ ቀስ ይላል። ቀጭኑን የሥዕል ከሰል በብርጭቆ ወረቀት ጫፉ ሊወጋ እስኪደርስ እንሞርደዋለን። ወረቀት በቅርብ ሲታይ ጉብታና ጉድጓድ አለው፤ ከሰሉ ጉብታው ላይ ይቀርና ጉድጓዱ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ጥላው መሐል የተበተነው ነጭ ነጠብጣብም ዓይን ያውካል። በሹሉ ጫፍ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ መሙላት ነው፤ የበዛውን ደግሞ እንደ ሊጥ በሚለወሰው ላጲስ ሳይጫኑ ነካ ማድረግ። በጣት ማሸት ይፈጥናል፣ ነገር ግን ጥላው ድፍን ይላል፣ ወደ ውስጥ አያስገባም። ሦስት ሰዓት ተሠርቶ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ጥላ ብቻ የምትሞላበት ቀን አለ፤ እንዲያ ያለው ቀን አሁን አያስከፋኝም።

መስኮቶቹ ወደ ሰሜን የሚያዩ ናቸው። እዚህ ፀሐይ ቀኑን በደቡብ በኩል ስለምትዞር ቀጥተኛ ጨረር አይገባም፣ ጥላውም ጠዋትና ከሰዓት ቦታውን አይለቅም። ክረምቱ ግን ቀኑን ያሳጥረዋል፤ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ያን ጊዜ ብርሃኑ እያለ ጥላውን፣ ሲደበዝዝ ደግሞ ማስታወሻ መጻፍና ከሰል መሞረድ።

መምህሩ ሲመጣ በመጀመሪያ የእኔ ምልክት ላይ ይቆማል። ዝም ብሎ ብዙ ያያል። ከዚያ «ይበልጥ ስለታም የሆነው ይህኛው ጠርዝ ነው ወይስ ያኛው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳይናገር ወደሚቀጥለው ኢዝል ይሄዳል። በሌላ ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርት ከባድ ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ንግግር እንዲህ አጭር ነው፣ ጣትም ወረቀቱ ላይ ብዙ ያስረዳል። በእረፍት ሰዓት ከየአገሩ የመጣነው ተማሪዎች እየዞርን አንዳችን የሌላውን ሥራ እናያለን፤ ከዚያም ብዙ እማራለሁ።

ከስቱዲዮ ውጭ የማዘወትረው ጋሌሪያ ዴል አካዴሚያ የተባለውን ሙዚየም ነው። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1501 እስከ 1504 ለቀረጸው የዳዊት ሐውልት ነው፤ ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማልና ማንጋጠጥ ግድ ነው። እኔን የሚይዘኝ እዚያው ያለው የጄሶ አዳራሽ ነው። የ19ኛው መቶ ዘመን ቀራፂ የሎሬንዞ ባርቶሊኒ ጄሶዎች ተሰብስበው የሚገኙት በዚያ ነው። ቀረብ ብሎ ላየ ፊታቸውና ትከሻቸው ላይ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ተሰክተዋል። ሚስማሮች ናቸው። ቅርጹን ወደ እብነ በረድ የሚያሻግሩት ሰዎች በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት እየለኩ ነበር ድንጋዩን የሚጠርቡት።

እነዚያ ሚስማሮች አሳሳሌን ለውጠውታል። ደብተርና እርሳስ ይዤ እቆምና (ከሰል ቤት ይቀራል፣ ዱቄቱ ሙዚየም ውስጥ አይሆንም) መጀመሪያ ነጥቦቹን ብቻ ወረቀቴ ላይ አስቀምጣለሁ። ይህች ነጥብ ከዚያች ምን ያህል ከፍ ትላለች? ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር ወዴት ያዘነብላል? ሰባት ስምንት ነጥብ በቦታቸው ከተቀመጡ ፊቱ ሳይሳል መታየት ይጀምራል። ሕያው ሰው ሳይም ዓይኔ ራሱ ሚስማር ይሰካል፦ የአፍንጫ ሥር፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአፍ ማዕዘን፣ የአገጭ ጫፍ። ጄሶ ባታገኙም ይህን በፎቶ መሞከር ትችላላችሁ፤ ፎቶው ላይ ነጥብ አድርጉና ነጥቦቹን ብቻ ገልብጡ።

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ስለሚከፈቱ ሰው ይበዛል፤ ለመሳል አይመቹም። ያን ቀን ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ አደባባይ ወዳለው ሎጂያ ዴይ ላንዚ እሄዳለሁ፤ ሐውልቶች የቆሙበት፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ባለ ጣሪያ ሰገነት ስለሆነ ማንም ያለ ትኬት ይገባል። እዚያ የቀራፂው ጃምቦሎኛ «የሳቢን ሴት ጠለፋ» የተባለው ሐውልት ቆሟል፦ ከአንድ እብነ በረድ የወጡ ሦስት ሰዎች፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተጠማዘዙ ወደ ላይ የሚወጡ። ፊት ለፊቱ ይህ ነው የሚባል ወገን የለውም፤ በዞርኩ ቁጥር ሌላ ሥዕል ነው። አንዱን ወገን በጥቂት ደቂቃ ስዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። የቀራፂው ቼሊኒ የፔርሴዎስ ሐውልትም እዚያው አለ፣ ግን ነሐስ ስለሆነ ብልጭታው ጥላውን ይሰብረዋል፤ ለጊዜው ትቼዋለሁ። ስቱዲዮ ብቻ ቢሆን እጄ ይከብድ ነበር፤ አደባባዩ ፍጥነቱን ይመልስልኛል።

ወደ ሞዴሉ ስገባ አንድ አቋም ለሳምንታት ነው የሚሳለው። ሞዴሉ 20 ደቂቃ ያህል ቆሞ ያርፋል፣ እግሩ ዙሪያ በፕላስተር ይከለልና ተመልሶ እዚያው ይቆማል። ያም ሆኖ እየደከመው ሲሄድ ዳሌው ዝቅ ይላል፣ ትከሻውም ይከተላል። ያሰብኩት የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ሳልነካ ከአንገት ጉድጓድ ክብደቱን እስከተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት የሚወርደውን የቱንቢ መስመር ብቻ ለመያዝ ነው። ረጅም አቋም የሳላችሁ ካላችሁ ግን ልጠይቃችሁ፦ የምትይዙት ሞዴሉ ገና ሳይደክም የቆመውን ነው ወይስ ሰውነቱ ተረጋግቶ ካረፈ በኋላ ያለውን?